ስለ ስኳርና ስለዚያ ስለማይወራው ነገር

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ሐኪምም ሾፌርም ነጋዴም የሆናችሁ፣ አረብ አገር ያላችሁም፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ጉዳዩ ደግሞ ከቲቸራችሁ የምትጠብቁት ዓይነት አይደለም። አጠገባችሁ ልጆች ካሉ ጮክ ብላችሁ አታንብቡት። ግን አንብቡት።

ከመንደራ ቆጪ ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ስሄድ በየቀኑ የማልፈው አንድ የመብራት ምሰሶ አለ። ምሰሶው ላይ ወረቀት ይለጠፋል። የጅማ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ይለጠፋል። "ለኪንታሮት፣ ለአስም፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለስንፈተ ወሲብ፣ ለመካንነት ፍቱን መድኃኒት አለን" ይልና ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለው። ወንዶቹ ተማሪዎች በዚያ ሲያልፉ እየተገፋፉ "ቁጥሩን መዝግበው፣ ይጠቅምሃል" ይባባላሉ። እኔም ድሮ በልቤ እስቅ ነበር።

አሁን አልስቅም። ወረቀቷን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ "ለስኳር" የሚለውና "ለስንፈተ ወሲብ" የሚለው ላይ። የጻፈው ሰውዬ ለያይቶ ነው የደረደራቸው፤ አንዱ ሌላውን የማያውቅ በሽታ አስመስሏቸዋል። እኛም እንደሱ ነው የምናስበው። ስኳር የሆስፒታል ጉዳይ ነው፣ ካርድ አውጥተን እንሄዳለን። ያኛው ግን የምሰሶ ጉዳይ ነው፣ ሲመሽ ስልኩን እንደውላለን። ይሄ መለያየት ነው ሰው እየጎዳ ያለው። ዛሬ የምለው ይሄንኑ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማዬን ይዤ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን ስኳር አለብኝ። ይሄን የሚያውቁት ቤተሰቤና ስታፍ ሩም ውስጥ ሻይ ያለ ስኳር ስጠጣ የሚያዩኝ ባልደረቦቼ ብቻ ነበሩ፤ አሁን እናንተም አወቃችሁ። የተገኘብኝ በ36 ዓመቴ ነው። ውሃ ይጠማኛል፣ ሌሊት አራቴ አምስቴ ለሽንት እነሳለሁ፣ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። "የማታ ክፍል ድካም ነው" እያልኩ ስምንት ወር ከረምኩ። በመጨረሻ ሳልበላ ተመርምሬ 248 ሆኖ ተገኘ። ለማታውቁት፣ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ምግብ ሳይበሉ የሚለካው ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር አለ ማለት ነው። እኔ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኛው ነገር የጀመረው ግን ከምርመራው በፊት ነው። አንድ ዓመት ያህል ይቀድማል። አንድ ቀን ደክሞኝ ነው አልኩ። ሌላ ቀን የደሞዝ ሐሳብ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩትና የመኝታ ሰዓቴን ቀየርኩ። ፈተና አርማለሁ እያልኩ ሳሎን አመሻለሁ፤ ባለቤቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ቀስ ብዬ እገባለሁ። የዚያን ሴሚስተር ውጤት ቀድሜ ያስረከብኩት እኔ ነበርኩ፣ ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ምን ላርግ፣ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ አኮረፈች። አንድ ቀን ቡና እያፈላች፣ ቀና ሳትል፣ "ንገረኝ፣ ሌላ ሰው አለች?" አለችኝ። ያን ጊዜ እንኳን እውነቱን አላወራሁም። የሌለችውን ሴት የለችም ብዬ ማልኩ እንጂ፣ ያለውን ችግር አለ አላልኩም። (ይሄን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። አንድ አንቀጽ አስጠፍታኛለች። የቀረውን "ይሁን፣ ለጥፈው" ብላለች።)

ስኳሩ ከተገኘብኝ በኋላ ክትትል ጀመርኩ። ለሁለት ዓመት ያህል በየቀጠሮዬ ሄድኩ። እግርህን አሳይ ተባልኩ፣ ዓይንህ ብዥ ይልብሃል ወይ ተባልኩ፣ ግፊቴ ተለካ፣ ሜትፎርሚኔን ተቀበልኩ፣ ወጣሁ። ስለዚያ ነገር አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ወረፋውን አይቻለሁ፣ አንድ ባለሙያ ፊት ስንት ካርድ እንደሚቆለል አይቻለሁ። እኔም ደግሞ አልተናገርኩም። እሱ አልጠየቀ፣ እኔ አልተናገርኩ፣ ሁለታችንም የተስማማን ይመስል ነበር።

የጠየቀኝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተማሪዬ የነበረ ልጅ። አሁን ነርስ ነው። በዚያ ቀን እሱ ተተክቶ ገብቶ ነበር። ካርዴን አየ፣ ስሜን አየ፣ ቀና ብሎ "ቲቸር!" አለ፣ ተሳሳቅን። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቲቸር፣ ስኳር ላለባቸው ወንዶች ሁሉ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፣ እርስዎንም ልጠይቅዎት" አለኝ። ጠየቀኝ። ላቤ መጣ። "የለም፣ ደህና ነኝ" አልኩት። እሱ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ፣ ሳያየኝ፣ "እሺ። ግን ካለ የስኳሩ አካል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ይታከማል" አለ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩና "አለ" አልኩት።

ይሄ ልጅ አሥረኛ ክፍል እያለ የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ እጁን አውጥቶ ሊጠይቀኝ የሞከረው ነገር ነበር። ክፍሉ ስለሳቀ ብቻ አስወጥቼዋለሁ። ያቺን ምዕራፍ ሁልጊዜ በሩጫ ነበር የማልፋት፣ ታስታውሱ ይሆናል፤ "ቤታችሁ አንብቡት" እል ነበር። እሱ ረስቶታል፣ ወይ የረሳ መስሏል። እኔ ግን አልረሳሁትም። ስለዚህ ያን ቀን ያላስተማርኩትን ዛሬ ላስተምር፣ ተቀመጡ።

ወንድ ልጅ ስሜቱ ሲነሳሳ አንጎል በነርቭ በኩል ወደታች መልእክት ይልካል። የነርቮቹ ጫፍና የደም ሥሮቹ የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ። ይሄ ጋዝ የደም ሥሮቹን ግድግዳ ጡንቻ ያላላል፣ ደም በብዛት ይገባል፣ እንደ ስፖንጅ ያለው የብልት ሥጋ በደም ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ደም የሚመለስባቸውን ሥሮች ተጭኖ ይዘጋቸዋል። ደም ገባ፣ አልወጣም፣ ብልት ቆመ። በቃ፣ ነገሩ ይሄ ነው። የውሃ ቧንቧ ላይ ከምታውቁት ብዙ አይርቅም፤ ግፊት ያስፈልጋል፣ ያልተደፈነ መስመር ያስፈልጋል፣ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል። የደም ሥር እንዲህ በናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚላላ ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመውበታል።

ስኳር ምን ያደርጋል? ሰዎች "ስኳሩ ደሙን ያወፍረዋል" ይላሉ፣ ጉዳዩ እንደዚያ አይደለም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ያንን የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ያበላሸዋል፣ ጋዙን ማምረት ያቅተዋል፣ መስመሩም እየጠበበ ይሄዳል። ነርቮቹንም ይጎዳል፤ እግር ላይ መደንዘዝ የሚያመጣው ያው ጉዳት ነው ወደዚህም የሚመጣው። ከዚያ ላይ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ብዙ ወንዶች ቴስቴስትሮን የሚባለው ሆርሞናቸው ይቀንሳል፣ ፍላጎቱም ይቀዘቅዛል። አብሮ የሚመጣው ደም ግፊት አለ፤ አንዳንዱ የግፊት መድኃኒትም ራሱ የድርሻውን ያዋጣል። (ይሄን ስላነበባችሁ የግፊት መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ! መቀየር ካለበት ሐኪሙ ይቀይረዋል። በራሱ ያቆመ ሰው በስትሮክ ወድቋል።) በላዩ ላይ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። አንዴ እምቢ ያለው ሰው ሁለተኛውን ቀን እየፈራ ነው የሚገባው፣ ፍርሃት ብቻውን ደግሞ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ስፋታቸው 1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። የልብ ደም ሥሮች ደግሞ 3 እስከ 4 ሚሊሜትር። በሽታው ሁሉንም እኩል እያጠበበ ከሆነ መጀመሪያ የሚታወቀው የትኛው ላይ ነው? ጠባቡ ላይ። ለዚህ ነው ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብን የልብ በሽታ ማስጠንቀቂያ ነው የሚሉት፤ የልቡ ሕመም ከመታየቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ፣ እንደ እኔ፣ ስኳሩ ራሱ ሳይታወቅ ቀድሞ የሚመጣው ምልክት እሱ ነው። እኔ ያኔ አፍሬ ሳሎን ከማመሽ ይልቅ ሄጄ ደሜን ብለካ አንድ ዓመት ቀድሜ እደርስበት ነበር።

እና ብቻዬን ነኝ ብላችሁ የምታስቡ፣ ስንት እንደሆናችሁ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 145 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትልቅ ጥናት ስኳር ካለባቸው ወንዶች ከግማሽ በላይ፣ 52.5 በመቶው፣ ይሄ ችግር እንዳለባቸው አገኘ፤ ስኳር ከሌለው ወንድ ጋር ሲተያይ ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። የፈረንጅ ቁጥር ነው እንዳትሉ፣ በዚያው ዓመት በትግራይ ማዕከላዊና ሰሜን ምዕራብ ዞን ሆስፒታሎች ክትትል ላይ ያሉ 249 ወንዶች ተጠይቀው 69.9 በመቶው አለብን ብለዋል። ከአሥር ሰባት ማለት ነው። ክትትል ክፍል ወረፋ ላይ ስትቀመጡ ግራና ቀኝ እዩ እስቲ። ሁላችንም አግዳሚው ላይ ተደርድረን ስለ ቡና ዋጋ እናወራለን።

አዲስ ነገርም አይደለም። ኢብን ሲና የዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በጻፈው የሕክምና መጽሐፉ ላይ የስኳር ሕመምተኛ የወሲብ አቅሙ እንደሚወድቅ አስቀምጧል። አንድ ሺህ ዓመት! እኛ ገና ምሰሶ ላይ ነን።

እዚህ ጋ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ "ስሜንና ሰፈሬን ተወው እንጂ ጻፈው" ብለውኛል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ወደ አጋሮ መስመር ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ እያሉ ይሄ ነገር መጣባቸው። ያኔ ከመጀመሪያ ሚስታቸው ተለያይተው ሌላ አግብተው ነበር። ጋሼ የጠረጠሩት የቀድሞዋን ነው፦ "አስራኛለች" አሉ። አዋቂ ቤት ሄዱ። በግ ተባሉ፣ በግ ወሰዱ። ሥር ቅጠል ተሰጣቸው፣ ጠጡ። የአንድ ዓመት የቡና ትርፍ እዚያ አለቀ። አልፈታ ሲል አዲሷን ጠረጠሯትና እሷንም ሸኙ። በመሃሉ ውሃ ይጠማቸዋል፣ ይከሳሉ፤ "ሐሳቡ ነው የሚያከሳኝ" ይላሉ። አምስት ዓመት እንደዚህ ሄደ። ከዚያ አዲስ ጫማ ገዝተው የእግር ጣታቸውን ላጠው። አላመማቸውም። ሕመሙን የሚነግራቸው ነርቭ ቀድሞ ሄዷል። ቁስሉ ሲሸት ነው ልጃቸው ያየው። ሆስፒታል የደረሱት ያን ጊዜ ነው፣ ስኳር እንዳለባቸው የሰሙትም ያን ጊዜ። ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ልጠይቃቸው ስሄድ፣ አልጋው ላይ ሆነው ጣታቸውን እየቆጠሩ "አስተማሪው፣ ያ ነገር የጀመረኝ መቼ ነበር? አምስት ዓመት። አምስት ዓመት ሙሉ ሲነግረኝ ነበር እኮ" አሉኝ። እሳቸው የቆጠሩት ያጡትን እግር ነበር። እኔ ግን የቀድሞዋን ሚስታቸውንም ቆጠርኩ፤ ሁለተኛዋንም። ሰውነቱ ውስጥ ያለውን በሽታ ወንዱ ሳያውቅ ሲቀር ዕዳውን የምትከፍለው ስንት ጊዜ ሴቷ ናት። "አስራኝ ነው" ትባላለች፣ "አታምርም" ትባላለች፣ "ሌላ አላት" ትባላለች። የእኔዋ ደግሞ ሌላ አለችው ብላ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች በኋላ ነው የነገረችኝ።

አንድ መለያ ነገር አለ፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ችግሩ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ጠዋት ስትነሱ ግን እንደ ወትሮው የሚቆም ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ሐሳብ፣ ጭንቀት፣ ከሰው ጋር ያለ ቅሬታ ነው። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነና ጠዋትም ከሌለ ግን ወደ ሰውነት ነው የሚያመለክተው። ይሄ ፍርድ አይደለም፣ ለሐኪሙ የምትናገሩት ነገር ነው። ስንፈተ ወሲብ ያለበት ሁሉ ስኳር አለበት ማለትም አይደለም፤ ሲጋራ አለ፣ ግፊት አለ፣ መጠጥ አለ፣ ሌላም አለ። እንዲህ የሆነ ሰው ግን ስኳሩን ሳይለካ ወደ ምሰሶው መሄድ የለበትም ነው የምለው።

ስለ መድኃኒቱ። ቪያግራ፣ ማለትም ሲልዴናፊል፣ መጀመሪያ ለልብ ሕመም ነበር የተሞከረው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 ነው አሜሪካ ለዚህ ጉዳይ የፈቀደችው። ስኳር ላለበት ሰውም ይሠራል፣ ግን እንደ ሌላው እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ ስኳር ባለባቸው 268 ወንዶች ላይ የተደረገ ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 56 በመቶው እንደተሻላቸው፣ አስመሳዩን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ እንደተሻላቸው አሳይቷል። እንግዲህ አልሠራልኝም ያለ ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፣ አወሳሰዱ ሊሆን ይችላል (ቅባት የበዛበት ክትፎ ላይ ወስዶ አልሠራም የሚል አለ፤ ያዘገየዋል)፣ ሌላም ሕክምና አለ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ይሄ ነው፦ ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይሄን ክኒን በላዩ ከጨመረ ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ልቡም የተነካ ሊሆን እንደሚችል ከላይ አንብባችኋል። ስለዚህ ከጓደኛ ኪስ፣ ከሱቅ ጀርባ የሚገዛ ክኒን ቀልድ አይደለም።

ማሩስ? እኛ የማር አገር ልጆች ነን፣ ማር አያታልለንም እንል ይሆናል። አንድ ወዳጄ ችግሬን ሳልነግረው የጠረጠረ መሰለኝ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ከውጭ የመጣ "የወንዶች ማር" አምጥቶ ሰጠኝ። "የተፈጥሮ ነው፣ ምንም የለውም" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ማሮችን ሲመረምር ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የቪያግራና የሲያሊስ መድኃኒት ውስጣቸው አግኝቶ ሻጮቹን አስጠንቅቋል። ማሩ ስኳሬን ያወጣዋል፣ የተደበቀው መድኃኒት ደግሞ ስንት እንደሆነ አይታወቅ። ወዳጄን አመስግኜ መለስኩለት። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ጫት ላይ ብዙ አልናገርም፣ ቤተሰብ ልጣላ አልፈልግም። ይሄን ብቻ፦ በርጫ ላይ የሚጠጣውን ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ቁጠሩት፣ የሚጨሰውን ሲጋራ ቁጠሩት፣ ያልተተኛበትን ሌሊት ቁጠሩት። ጫት ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ምርቃናው ጭንቅላት ላይ ትልቅ ዕቅድ ያወጣል፣ ሰውነት ግን ዕቅዱን አልሰማም ይላል። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ስኳርን መቆጣጠር ለውጥ ያመጣል ወይ? ያመጣል፤ ቶሎ ከተጀመረ ደግሞ የበለጠ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለባቸው 1,441 ሰዎች ተከታትለው፣ ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ላይ የነርቭ ጉዳት 60 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። እኔ ሜትፎርሚኔን ሳላቋርጥ ወሰድኩ፣ ሻይን ያለ ስኳር ለመድኩ (ሦስት ሳምንት ይከብዳል፣ ከዚያ ስኳሩ ይዘገንናል)፣ ከቆጪ እስከ ትምህርት ቤት ባጃጅ ትቼ በእግር መሄድ ጀመርኩ። ሐኪም ጋ ቀርቤ ልቤ ታየ፣ ግፊቴ ታየ፣ ክኒን ታዘዘልኝ። ሁሉም ነገር ድሮ ወደነበረበት ተመለሰ ብዬ አልዋሻችሁም። በጣም ተሻለ። ከክኒኑ በላይ የተሻለው ግን ሳሎን ማምሸቱ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አንዳንዶቻችሁ ነርሶችና ሐኪሞች ሆናችኋል፤ በቀጥታ እናንተን ነው የምጠይቀው። ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ እግሩን ታያላችሁ፣ ዓይኑን ታስመረምራላችሁ፣ የኩላሊት ምርመራ ታዛላችሁ። ጥሩ። ለዚህኛውም ዓለም የሚጠቀምበት አምስት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭር መጠይቅ አለ፣ ከ25 ነው የሚታረመው፣ ከ22 በታች ያመጣ ችግር አለበት ይባላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ የለንም የምትሉ፣ አንዱን ብቻ ጠይቁ። በር ዘግታችሁ፣ ተማሪዬ እንዳደረገው፣ "ለሁሉም የምጠይቀው ነው" ብላችሁ። "ለሁሉም" የምትለዋ ቃል ናት እኔን ያስወጣችኝ፤ ከእኔ የተለየ ጥርጣሬ እንዳልሆነ ገባኝ። አማርኛ ለሚከብደው ከገጠር ለመጣ አባት ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ጠይቁት፤ ዱኩባ ሱካራ ብሎ ስለ ስኳሩ የነገራችሁ ሰው ይሄንንም በአፉ ቋንቋ መስማት አለበት። ሴት ባለሙያ ከሆናችሁና እሱ ካፈረ፣ ወንድ ባልደረባ ጥሩለት፤ ጥያቄው ግን አይቅር።

"ባህላችን አይፈቅድም" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባህላችን ምሰሶ ላይ በትልቅ ፊደል መለጠፍ ፈቅዷል እኮ! በሩ ተዘግቶ ለሐኪም መንገር ነው የከለከለው? መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የባልና ሚስትን ሐቅ በግልጽ ያስተምራሉ። ያፈርነው እኛ ነን፣ ሃይማኖቱ አይደለም።

ሚስቶችም፣ እህቶቼ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ "ሌላ አለችህ ወይ" ከማለታችሁ በፊት "ስኳርህን ተለክተሃል ወይ" በሉት። አብራችሁት ሂዱ። ስኳር ሴትንም በዚህ በኩል ይነካል፤ እሱ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሚናገር የለም፣ እኔም ስለማላውቀው ነገር አልዘባርቅም፤ የሚያውቅ ሴት ባለሙያ ብትጽፍልን ሼር አደርጋለሁ።

እኔ በበኩሌ ዘንድሮ ያቺን ምዕራፍ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ሳቁ፤ እንዲስቁ ተውኳቸው፣ ከዚያ ዝም አሉ። አንድ ልጅ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቀርቶ "ቲቸር፣ አባቴ ስኳር አለበት" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩትም። የአባቱን የቀጠሮ ቀን ብቻ ጠየቅኩት።

ኮሜንት ላይ እየመጣችሁ የሰው ስም ታግ አታድርጉ። ቀልዱ ይገባኛል፣ ግን ታግ የተደረገው ሰው አንብቦ ሊጠቀምበት የነበረውን ነገር በሀፍረት ያልፈዋል። ኢንቦክስ ክፍት ነው፤ መድኃኒት አላዝም፣ የት መሄድ እንደሚቻል ግን እነግራለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፣ ምንም ሳልበላ ነው የምሄደው። ብቻውን መሄድ የሚያፍር ካለ ጠዋት 1፡30 ላይ ምሰሶው አጠገብ አለሁ።